ሁለት ገጽ ላይ የተጻፈ ሞት

ጠራዧ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ መዝገብ ስትጠርዝ ኖራ አንዱንም አንብባ አታውቅም። ይህን ስትናገር የሚያምናት የለም። በሰው ግምት፣ መዝገብ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ የአገሩን ልደትና ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በእጁ የሚያገላብጥ ሰው ቢያንስ የጎረቤቱን ጉድ ሳያይ አይውልም። እሷ ግን አታይም። ሙያውን ያስተማሯት አለቃ ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር አስጠንቅቀዋታል። አንደኛው፣ ጠራዥ ማንበብ የለበትም፤ ካነበበ እጁ ይቆማል፣ ስራው ይበላሻል፣ ይባስ ብሎ የሰው ገመና ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። ሁለተኛው፣ ስራሽን በማይታይ ቦታ ፈርሚ። የመዝገቡ ጀርባ ጨርቅ ከመልበሱ በፊት፣ ክሩ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ በእርሳስ ምልክትሽን አድርጊ። "ነገ የሚፈታው ሰው ማንን እንደሚመርቅ ወይም ማንን እንደሚረግም ይወቅ" ይሉ ነበር፣ ፈገግ ሳይሉ። የእሷ ምልክት ሦስት ነጥብ ነው።

ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፣ ጨዋታ ትወዳለች፣ ጣቶቿ ላይ የደረቀ ሙጫ ሳይኖር የታየችበት ቀን የለም። ባልደረቦቿ "እትዬ ሙጫ" ይሏታል፤ ፊት ለፊትም ይሏታል፣ እሷም አቤት ትላለች። አግብታ ፈታለች፣ ልጅ አልወለደችም፣ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። እናቷ ሰማንያ ዓመት ሞልቷታል። ልቧ ደክሟል፣ ምላሷ ግን ገና አልደከመም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ስር ተቀምጣ የአላፊ አግዳሚውን አረማመድ ስታርም ትውላለች። ሐኪሙ "እንዳትደነግጥ ተጠንቀቁ" ብሎ ሲመክር፣ "እኔን ከማስደንገጥ አንተን ማስደንገጥ ይቀላል" ብላ ያስደነገጠችው እሷው ናት።

በዚያ ቤት የማይነሳ ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ የእናቲቱ አባት። ጠራዧ ልጅ ሳለች እናቷ ስለ እሱ አውርታ አትጠግብም ነበር። የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። እንጨት ያቆማል፣ ሽቦ ይዘረጋል፣ ከቤቱ ወራት እየራቀ ይከርማል፣ ሲመጣ ደግሞ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ያፏጫል። እናቷ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ እሱ በሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ከሩቅ ወረዳ ቴሌግራም መጣ። መሞቱንና እዚያው መቀበሩን ይናገራል፣ ሌላ ትንፍሽ አይልም። ሚስቱ በምን ሞተ ብላ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈች፣ መልስ የሰጣት የለም። ቤተሰቡ የሚያውቀው ይህንኑ ነበር። ከዚያ፣ ጠራዧ ሃያ አንድ ዓመት ሲሆናት፣ እናቷ ስለ አባቷ ማውራቷን ቧንቧ እንደ መዝጋት ቀጥ አደረገችው። ለምን ስትባል መልሷ አንድ ነው፦ "ሙት ወቃሽ አታድርጉኝ።"

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ዓመት አጎቷ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ ሲሞቱ ነው። ሚስታቸው የባላቸውን መሳቢያ ሲያጸዱ አንድ ፖስታ አገኙና ጠራዧን አስጠሯት።

"እንኪ፣ ይሄ ወደናንተ የሚሄድ ነው" አሏት ሴትዮዋ። "መነጽሬ ጠፍቶብኝ አላነበብኩትም ልልሽ አስቤ ነበር። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ አንብቤዋለሁ።"

ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ ያ ቴሌግራም ነው። ሌላው ከመዝገብ የተገለበጠ የሞት ምስክር ወረቀት ነው፤ የዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመት አጎቷ የአባታቸውን ቤት ስም ለማዛወር ብለው ያወጡት። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ሁሉም ልክ ነው። የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ ግን "ራሱን በማጥፋት" ይላል።

"ይዞት የመጣ ቀን እህል በአፉ አልዞረም" አሉ የአጎቷ ሚስት። "ለእናትሽ ብቻ ነገራት። ከዚያ ሁለቱም አፋቸውን ለጎሙ።"

ጠራዧ ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ አንድ ሳምንት ተንከራተተችበት። ልጠይቃት ወይስ ልተወው? ሐኪሙስ? በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ የአንዱን ጎረምሳ አረማመድ ተችታ ስትጨርስና ደስ ብሏት ሳለች፣ ቀስ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ አጎቴ ስለ አባትሽ ምን ብሎ እንደነገረሽ አወቅኩ።"

እናቷ አልደነገጠችም። መጋረጃውን ብቻ ሰብሰብ አደረገች።

"እንግዲያው ሁሉንም ስሚው። የመጨረሻ የሄደ ለት አኩርፌው ነበር። ደብተሬን ላሳየው ስጠብቅ ሳያይልኝ ሊሄድ ሆነ። በሩ ኋላ ተሸሸግኩ። ሦስት ጊዜ ጠራኝ። እዚያው ቆሜ እየሰማሁት አልወጣሁም።"

"ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር እኮ።"

"ዘጠኝ ይሁን ዘጠና፣ አልወጣሁም። በኋላ ተረሳኝ፤ ልጅ ይረሳል። ወንድሜ ያንን ወረቀት ይዞ ሲመጣ ግን በሩም፣ ድምፁም፣ ሁሉም ተመልሶ መጣ። አንዳንድ ቀን፣ ፈልጎ ነው ጥሎን የሄደው ብዬ እናደድበታለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያኔ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። በቃ። አሁን ሻይ አምጪልኝ።"

ጠራዧ ወጥ ቤት ገብታ ውሃውን ጣደችና እንፋሎቱ እስኪወጣ አለቀሰች። እናቷ ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ በር ኋላ ቆማ መኖሯ አንጀቷን በላው። ይህንን ይዛ እንድትሞት አልፈለገችም። ግን ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በምን ትከራከረዋለች?

መልሱን ያገኘችው ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ስታስቀምጥ ነው። ቴሌግራሙ የተመታው ወሩ በገባ በአራተኛው ቀን ነው። ምስክር ወረቀቱ ግን ሟች የሞተው በዚያው ወር በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው ይላል። እንደ ወረቀቶቹ ከሆነ አያቷ ከተቀበረ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ራሱን አጠፋ ማለት ነው። አጎቷ ይህን ሳያዩት አይቀሩም። ግን በዚያ ዘመን ጸሐፊ ቀን ሲሳሳት ማን ይደነቃል? ከአንድ አስከፊ ቃል አጠገብ ያለ ቁጥር ደግሞ ዓይን አይገባም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መደርደሪያ ጠባቂው ሄደች። ሰውዬው ቅጽል ስሙ "ዝምታ" ነው፤ ስሙ የወጣለት አፉ ለአፍታም ስለማያርፍ ነው።

"መዝገብ ማንበብ ፈለግሁ ነው የሚሉኝ? እርስዎ?" አለ ዝምታ። "ቆይ፣ በሩን ልዝጋው፣ ሰው እንዳይሰማ። ዛሬ ጣሪያው ይወርዳል!"

"የሞት መዝገብ ነው፣ የአያቴ። ቀልዱን ተወውና አምጣልኝ።"

ዝምታ በእርግጥም ዝም አለ። የወረዳውን ስምና ዓመቱን ጽፎ ወስዶ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ወፍራም መዝገብ በሁለት እጁ ታቅፎ መጣ። የየወረዳው አሮጌ መዝገብ ሁሉ ተሰብስቦ እዚህ ከገባ ቆይቷል።

ጠራዧ እጇን ታጠበች፣ መዝገቡን የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችና በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገብ ማንበብ ጀመረች። መዝገቡ የሚጻፈው ተዘርግቶ ነው። በግራው ገጽ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜና ሥራ ይሰፍራል፤ ያው መስመር ወደ ቀኙ ገጽ ተሻግሮ የሞተበትን ቀን፣ ቦታ፣ ምክንያትና ሞቱን ያስታወቀውን ሰው ይናገራል። በቀኙ ገጽ ላይ ስምም ቁጥርም የለም። ጸሐፊው ምን አስጨነቀው፣ ግራውን እያየ ነው የሚጽፈው። አያቷን በሰባተኛው መስመር አገኘችው። ዓይኗ እጥፋቱን ተሻግሮ ወደ ቀኝ ሄደ። ሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ራሱን በማጥፋት። ምስክር ወረቀቱ አልዋሸም።

መዝገቡን ልትከድነው ነበር። ግን ማንበብ አንዴ ከተጀመረ ለካ አያስቆምም። ከአያቷ በላይ ያለውን መስመር አነበበች። ሟች፣ ሰባ አንድ ዓመቱ፣ አናጢ። የሞት ምክንያት፣ በወሊድ።

ደግማ አነበበችው። መነጽሯን ጠርጋ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። የሰባ አንድ ዓመቱ አናጢ አሁንም በወሊድ እንደ ሞተ ነው። ከእሱ በላይ ያለች የአራት ወር ሕፃን ደግሞ የሞተችው ከመጠን በላይ በመጠጣት ነው። ሰው ሁሉ መዝገብ ቤት የሚመጣው የራሱን ሟች መስመር ፈልጎ ነውና፣ ሽቅብ ቁልቁል ያየ አንድ ሰው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሠራው ዓይኗ ሳይሆን እጇ ነው። መዝገቡ በዱሮ ጊዜ ጣሪያ ፈሶበት ኖሮ በላይኛው ጥግ የውሃ ቡኒ ምልክት አለው። ውሃ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ምልክቱ ከአንዱ የመዝገቡ ቅጠል ወደ ቀጣዩ እየጠበበ መሄድ አለበት። እዚህ ግን ይጠብና፣ በድንገት በጣም ይጠብና፣ በሚቀጥለው ቅጠል ላይ ተመልሶ ይሰፋል። ውሃ እንዲህ አይሄድም። መዝገብ የሚሰፋው ለሁለት የታጠፉ ሉኮች አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገቡ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሉክ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ የውስጡ ወደ ውጭ፣ የውጩ ወደ ውስጥ። በዚህም የተነሳ የግራው ገጽ ሟቾች የሌላ ገጽ ሞት ለብሰው ቁጭ ብለዋል። ቆጠረችው፤ ስድስት ጥንድ ገጽ፣ በየገጹ ሃያ መስመር። መቶ ሃያ ሰው።

እንዲህ ያለውን ጥፋት ጸሐፊ አይሠራውም። የሚሠራው ሉኮቹን ፈትቶ መልሶ የሰፋ፣ ሲሰፋም ያላነበበ ሰው ነው። ቢያነብ ኖሮ አናጢው ብቻ ያስጮኸው ነበር። ጠራዥ ነው። እሷ በዚያ ሰዓት ተናደደች፤ ማን ይሆን ይህ ዝርክርክ አለች፣ አለቃ ይሆኑ ብላም ሟቹን ጠረጠረቻቸው፣ ነፍሳቸው ይቅር ትበላትና። የጀርባውን ጨርቅ አርጥባ በቢላ ጫፍ ቀስ ብላ ላጠችው። ክሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ብቅ አለ። በእርሳስ የተጻፈ ዓመተ ምሕረት አለበት፤ የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት። ከስሩ ሦስት ነጥብ።

ወንበሩን ሳታየው ተቀመጠች። ሥራ በጀመረች በዓመቷ፣ በሃያ ዓመቷ፣ የገዛ አያቷን ሞት በእጇ ይዛ፣ ሳታነብ፣ አጣጥፋ፣ ወግታ፣ ሰፍታ፣ አስውባ መልሳዋለች። ምናልባትም አለቃ "ጎበዝ" ብለዋት ይሆናል። በዓመቱ አጎቷ ከላይ ወረቀት የሚሰጥበት መስኮት ጋ ቆመው ያንን ቃል ሲቀበሉ እሷ እታች ምሳዋን እየበላች ሊሆን ይችላል። የእናቷን አባት ከእናቷ የወሰደባት የእሷ መርፌ ነው። አፈረች፤ ሌላ ስም የለውም፣ አፈረች።

ዝምታ በር ላይ ቆሞ "ምነው እትዬ፣ ደህና ነዎት?" አለ። "ደህና ነኝ" ብላ ክሩን በመቀስ በጠሰችው።

ሁለቱን ሉክ አውጥታ በየቦታቸው አስገባች። የውሃው ምልክት እየጠበበ ሄደ። አናጢው በእርጅና ሞተ፣ ሕፃኗ በኩፍኝ። በሰባተኛው መስመር ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሽቦ ሲያጠብቅ ከስልክ እንጨት ላይ ወድቆ። ያስታወቀው የሥራ ጓዱ።" በሦስተኛው ሞተ፣ በአራተኛው ቴሌግራሙ ተመታ። በጠዋት ብርሃን፣ ሥራው ላይ ሳለ ነው የሞተው።

ወደ ቤት ስትሄድ በእግሯ ሄደች፣ ለማሰብ። እናቷን ደስ የሚያሰኘው ግማሹ ነው፤ መውደቁ። ሌላውን ግማሽ መናገር ምን ያደርጋል? "የድሮ ጠራዥ ተሳስቶ ነው" ማለት ይበቃል፤ ውሸትም አይደለም። ሐኪሙም እንዳትደነግጥ ብሏል። ሐኪሙ በዚህ መንገድ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ተጠቀሰ፤ ሰው ፈሪ ሲሆን የሐኪም ትእዛዝ አክባሪ ይሆናል።

ለእናቷ መዝገቡን አስረዳቻት፤ ሁለት ጋዜጣ አጥፋ አንዱን በአንዱ ውስጥ እየከተተች አሳየቻት። ከዚያም ቀድታ ያመጣችውን መስመር አነበበችላት። እናቷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማች።

"ወድቆ ነው?"

"ወድቆ ነው፣ እማዬ።"

"ወድቆ" አለች እናቷ። ፊቷ ላይ የነበረ አንድ ነገር ለቀቀ። አፍንጫዋን ጠረገች። "ሽቦ ሲያጠብቅ። አየሽ፣ ጥሎኝ አልሄደም።" ከዚያ ቀና አለችና፣ "ማነው፣ እጁ ይቆረጥና፣ እንዲህ አድርጎ የሰፋው?" አለች።

አሁን ነው የቁርጡ ሰዓት። ጠራዧ ጣቶቿን አየቻቸው።

"እኔ ነኝ" አለች።

እናቷ አልጮኸችም፣ አልደነገጠችም፣ ሐኪሙ የፈራው ምንም አልሆነም። ወንበሯን ወደ መስኮቱ መልሳ ጀርባዋን ሰጠቻት። ለሁለት ቀን ልጇን በስሟ አልጠራቻትም። "አንቺ ጠራዥ፣ መድኃኒቴን" ትላለች። "አንቺ ጠራዥ፣ መስኮቱን ክፈቺ።" ጠራዧም ሳትመልስ ታዘዘች። ቢሮ ሄዳ ለኃላፊው ጥፋቷን በራሷ ስም ጽፋ አስገባች፤ ኃላፊው አነበበውና፣ መዝገቡን አስተካክላ እንድትጠርዘው፣ ከስህተቱ የወጣ ምስክር ወረቀትም ካለ እንዲታረም ፈረመ። እሷ ግን መዝገቡን መስፋት አልጀመረችም። እጇ እምቢ አላት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቷ ከመስኮቱ ሳትዞር ተናገረች።

"ያ ሞት የማን ነው?"

"የቱ?"

"የኔ አባት ካልሆነ፣ የሆነ ሰው ነው እንጂ። ራሱን ያጠፋው።"

ጠራዧ ይህንንም አይታዋለች። ላለማየት ፈልጋ ነበር፣ ግን አይታዋለች። "የአርባ አንድ ዓመት ልብስ ሰፊ ነው" አለች። "እስከዛሬ በሳንባ ምች እንደ ሞተ ነው የሚነበበው።"

"ልጆች ነበሩት?"

"መዝገቡ ልጅ አይጽፍም፣ እማዬ።"

"ይኖሩታል። በአርባ አንድ ዓመት ልጅ የሌለው የት አለ። አንድ ቀን ለቤት ይሁን ለሌላ ነገር ወረቀት ሊያወጡ ይመጣሉ። አንቺ አስተካክለሽ ከሰፋሽው ያገኙታል።"

"ልተወው እንዴ?" አለች ጠራዧ። ይህን ጥያቄ ሁለት ቀን ሙሉ ይዛው ዞራለች። "አንድ ሰው እንኳ በሰላም ይተኛ?"

"ሌሎቹስ? መቶ ሃያ ሰው አላልሽኝም?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያው ምን ቁጭ ትያለሽ? ሂጂና ስፊው።" እናቷ ዞረች። ከሁለት ቀን በኋላ ልጇን በዓይኗ አየቻት፣ በስሟም ጠራቻት። "የልብስ ሰፊው ልጆች ከመጡ ግን በወረቀት ብቻ እንዳትሸኚያቸው። አድራሻዬን ስጫቸው። እዚህ ድረስ ይምጡ፣ እኔ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። አባቱ እንዲያ የሞተበት ሰው እንዴት አድሮ እንዴት እንደሚነሳ፣ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ የለም።"